ልምድ ልውውጥ

ጠዋት በሁለት ሰዓት ሙዲራዋ ጠርታኝ፣
«እንግዳ አለ፣ ከሀገርሽ» ብላ መወልወያ ሰጠችኝ።
የራስ አልኸይማ ባሕር ከአጥሩ ማዶ ጨው ይተፋል፣
አሁን የወለወልኩት መስኮት አሁኑኑ ያድፋል።

አምስት ሆነው ገቡ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሰው በግንቦት ንዳድ።
አራቱን አላውቅም።
አምስተኛው አቶ አረቡ ነው፤ ያቺ የጆሮ ግንዱ ጠባሳ አትሳሳትም።

ያኔ በበቅሎ ነበር የመጣው፣ የጫማው ተረከዝ ተቀዶ፣
ሦስት ሰዓት ዳገት ወጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ቁልቁል ወርዶ።
ምረጡኝ አለ፤ መረጥነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ አልቆጠርም፤
ግን የአባቴን ካርድ ይዤ ከሰልፉ አልቀረሁም።
«ከእንግዲህ ስምንተኛ የጨረሰች ልጅ ወንዝ አትሻገርም፤
ዘጠነኛው እዚሁ ይከፈታል።» ውሸታም ሰው አይመስልም፣
አይደለምም።

ምክር ቤት ገባ፣ እጅ አወጣ። ጸደቀ በጀቱ፣
በሙሉ ድምፅ፣ ያለ ተአቅቦ፤
በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ያቺን እጁን አየናት ከነሰዓቱ።

ሁለት ሲኖትራክ ድንጋይ መጥቶ ተራገፈ ከሜዳው፤
አንድ ክረምት ሣር በቀለበት፣ በሁለተኛው ፍየል ወጣው፤
በሦስተኛው እኔ ስምንተኛን ጨረስኩ። ወንዙ ሞልቶ ነበር።
ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ደላላው ስሜን ጻፈው።

አንድ ቀን በጉባኤ «ድንጋዩ ደርሷል፣ ግድግዳውስ?» ብሎ ጠይቋል ይላሉ፤
«በሚቀጥለው በጀት» ተባለ።
ተቀመጠ። የተቀመጡ ሁሉ ያድጋሉ።

የእኔን አሥራ ስድስት ፓስፖርቱ ሃያ አምስት ብሎ ጻፈኝ፤
በአንድ ሌሊት ታላቅ እህቴን በአራት ዓመት አስበለጠኝ።
እሱም በዚያው ሰሞን አደገ፤ ከምክር ቤት ትምህርት ቢሮ፣
ከእጅ ማውጣት ወደ ፊርማ፣ ከአዳራሽ ወደ ቀጠሮ።

ዛሬ ላፕቶፑን ከፍቶ ለዐረቦቹ ገለጠ፤
ስምንት ዓመት ሙሉ መስመሩ ወደ ላይ ሮጠ፣
አረንጓዴ መስመር።
«ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠኝ የገባ፦ ዘጠና ስምንት በመቶ»
አለ ወረዳችን ስትደርስ። ሙዲራዋ «ማሻአላህ» አለች።
እኔ ከበሩ ሥር ባልዲዬን ይዤ ሰማሁ።
እዚያ ቁጥር ውስጥ አለሁ። እዚያ ውስጥ ዘጠነኛ ገብቻለሁ፣
ዐሥረኛን አልፌያለሁ፤ እንግዲህ ሳልደግም ከሄድኩ
ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እጨርሳለሁ።

«ጥያቄ ያለው?» አለና ክፍሉን ቃኘ።
እጄን አወጣሁ።
ሰማያዊ የላስቲክ ጓንት፤ አረፋው እስከ ክርኔ ወረደ።
ማንም ልብ አላለኝ፤ ጠራጊ እጇን ስታነሳ ሸረሪት ድር ልታወርድ ነው ይባላል።
እሱ ግን አየ። የእጅ ሰው ነው፣ እጅ ሲወጣ ይገባዋል።

«የየት ነሽ?» አለኝ፣ በእኛው አማርኛ።
ቀበሌዬን ነገርኩት። ድንጋዩን ጠየቅኩት፤
አሁንም አለ ወይ? ፍየሎቹስ?
አልተቆጣሁም። እንዲያውም ሳቅ ሳቅ አለኝ።
«ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለ፤ ልማድ ሆኖበት ይሆን፣ እንጃ።
«በእናንተ ወረቀት ነው?» አልኩት።

አራቱ ወደ ቤተ ሙከራው አለፉ፣ ማይክሮስኮፕ ሊያዩ።
እሱ ሱፉን ሰብስቦ ተቀመጠ ከሕፃን ወንበር፤
ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጫማውን አየሁ፣
ተረከዙ አዲስ ነበር።

ደብተር አወጣና ስሜን ጠየቀኝ።
«የፓስፖርቱን ወይስ አባቴ ያወጣልኝን?»
«ሁለቱንም» አለ፤ ጻፈም።
ከዘጠና ስምንቱ አንዲት ትቀነስ እንደሆነ አላውቅም።
ሲነሳ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጓንቴን እስካወልቅ አልጠበቀም።

እርጥብ እጁን ከሱፉ አርቆ ይዞ ሄደ።